ሁለቱ ጄምሶች

የቪዲዮ ጌም ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ጣት እንጂ ልብ የሚሠራበት አይመስለንም። ይህን ግምት ካፈረሱት ሥራዎች አንዱ የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው «ሳይለንት ሂል 2» ነው። ይኸው ሥራ በ2024 ብሉበር ቲም በተባለ የፖላንድ ድርጅት እንደገና ተሠርቶ ቀርቧል። የታሪኩ አጥንት አልተለወጠም። ለመሆኑ ያው ታሪክ ያንኑ ስሜት ይሰጣል?

ጄምስ ሰንደርላንድ ከሦስት ዓመት በፊት በሕመም ሞታለች ከሚላት ሚስቱ ከሜሪ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሁለቱ ይወዱት ወደነበረው ከተማ እንዲመጣ ትጠራዋለች። ሲደርስ ከተማውን ጉም ውጦታል፤ በጉሙ ውስጥ የሰው ቅርጽ የተዛባባቸው ፍጡራን ይርመሰመሳሉ። ምስጢሩን ሳያወጡ ስለዚህ ድርሰት መናገር ስለማይቻል እናውጣው፦ ሜሪን የገደላት ራሱ ጄምስ ነው። በሕመም የማቀቀች ሚስቱን በትራስ አፍኖ ገድሎ ድርጊቱን ከራሱ ደብቋል። እንግዲህ የምንዞርበት ከተማ የአንድ ሰው ሕሊና ነው ማለት ይቻላል።

በፊተኛው ሥራ ካሜራው ሙሉ በሙሉ ለተጫዋቹ አይታዘዝም። ጄምስ የያዘው ትንሽ ሬዲዮ መንሾሾት ሲጀምር አንዳች ነገር እንደቀረበ እናውቃለን፤ ምን እንደሆነና ከወዴት እንደሚመጣ ግን ብዙ ጊዜ አናይም። ጄምስ ዱላ ሲሰነዝር ይከብደዋል፣ ሲዞር ይዘገያል። ይህን የዘመኑ የቴክኒክ ድክመት የሚሉት አሉ። ድክመት ቢሆንም እንኳ ለታሪኩ ተስማምቶታል። ጄምስ ተራ ባል እንጂ ተዋጊ አይደለምና።

በአዲሱ ሥራ ካሜራው ከጄምስ ትከሻ ጀርባ ተቀምጧል፤ ተጫዋቹም ወዳሻው ይመለከታል። ጄምስ ምት ሲሰነዘርበት ዘወር ማለት ይችላል። ጭራቆቹም በበኩላቸው ጥግ ይዘው ማድፈጥን ተምረዋል። በዚህም ድንጋጤው ጨምሯል፤ ድንጋጤና ፍርሃት ግን አንድ አይደሉም። አፓርታማው፣ ሆስፒታሉና እስር ቤቱ ተለጥጠው የጨዋታው ርዝመት እጥፍ ያህል ሆኗል። በየክፍሉ ውጊያ ሲታከል ተጫዋቹ ስለ ሜሪ ማሰቡን ትቶ የቀረውን ጥይት መቁጠር ይጀምራል።

አዲሱ ሥራ ከፊተኛው የሚበልጥበትም ቦታ አለ፤ እሱም የገጸ ባሕርያቱ ፊት ነው። በገዛ አባቷ የተደፈረችው አንጄላ በሚነድ ደረጃ ላይ ቆማ ስትናገር የዓይኗን ድካም ሳይቀር እናያለን። በ2001ዱ ሥራ ንግግሩ የተንጓተተ፣ ሰው በሕልሙ የሚያወራው ዓይነት ነበር። ለአንጄላ አዲሱ ይበጃታል። ለጄምስ ግን አይመስለኝም። የቀድሞው ደረቅ ፊቱ ወንጀሉን ይሸፍንለት ነበር። የአሁኑ ፊቱ ገና ከመነሻው ሥቃዩን ስለሚገልጥ ጥፋቱን ሳናውቅ እናዝንለታለን። ፍርዳችን ቀድሞ ተሰጥቶ ያልቃል።

ሁለቱም ሥራዎች የጠበቁት አንድ ነገር አለ። ጄምስ ከአንጄላ የተቀበለው ቢላዋ ለውጊያ አያገለግልም፤ አውጥቶ ማየት ብቻ ነው የሚቻለው። አንጄላ በዚያ ደረጃ ላይ ቢላዋውን ስትጠይቀው እምቢ ይላታል፤ ለራሱ አስቀርቶት እንደሆነም ትጠይቀዋለች። ተጫዋቹ ያንን ቢላዋ ካየ፣ ቁስሉንም ሳያክም ከቆየ መደምደሚያው ጄምስ ራሱን ወደሚያጠፋበት ያዘነብላል። ጨዋታው ይህን አስቀድሞ አይነግረውም። ልብ ወለድ አንባቢውን በዚህ መንገድ መመስከሪያ ሊያደርገው አይችልም። የዚህ ጥበብ የራሱ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው።

በቴአትር ቤት አዲስ ዝግጅት ድርሰቱን አይሽረውም፤ ጽሑፉ ለሚቀጥለው አዘጋጅ ይቆያል። በቪዲዮ ጌም ግን ድርሰቱና ዝግጅቱ አንድ ናቸው። ካሜራው ሲነካ አረፍተ ነገሩ ይለወጣል። አዲሱ የፊተኛውን ስም እንዳለ ይዞ በመውጣቱ፣ ዛሬ «ሳይለንት ሂል 2»ን ተጫውቻለሁ የሚል ወጣት የ2001ዱን ጨርሶ ላያውቀው ይችላል። አዲሱን የወደደ ሁሉ የፊተኛውንም ፈልጎ ይጫወተው። የሚጎረብጠው ዱላና የማይታዘዘው ካሜራ ያናድዱት ይሆናል፤ ጄምስ ከራሱ የሸሸበትን ዝምታ የሚያገኘው ግን እዚያ ነው።