የብራና መጻሕፍታችን መዝገብ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይላል ያገራችን ተረት። ስለ ኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በዐሥር ቅጽ የታተመውን ካታሎግ ስንመረምር ይህ ተረት ትዝ አለን።

ሥራው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. የተጀመረው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክና በሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ይኸውም በሚኒሶታው ቅዱስ ዮሐንስና በቫንደርቢልት ኅብረት ነው። ከ9,000 በላይ የሚሆኑ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው፣ ብራናው ለባለቤቱ ሲቀር፣ የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባና በሚኒሶታ ተቀመጠ። እንግዲህ ብራናው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ እንኳ ቃሉ አይጠፋም።

ካታሎጉን ዊልያም ማኮምበር ጀመሩት። በ1975 በጥይት ቈስለው አካላቸው የተጐዳው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከእርሳቸው ጋራ ሠርተው፣ ዐሥረኛውን ቅጽ በ1993 አወጡ። የቅጠሉ ብዛት፣ የተጻፈበት ዘመንና ባለቤቱ ደብር፣ በኅዳግ የሰፈረው የርስትና የስጦታ ማስታወሻም ሳይቀር ተመርምሮ ተገልጿል። ይህን ያህል ትዕግሥት ሳናመሰግን አናልፍም።

ዳሩ ግን ምስጋናችን ነቀፌታችንን አያስቀረውም። በዐሥሩ ቅጽ የተገለጹት እስከ 5,000ኛው ቍጥር ያሉት ብቻ ናቸው። ከዚህ የሚበልጠው ጕድለት ደግሞ መግለጫው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። መጽሐፉን ከእሳትና ከሌባ ሲጠብቅ የኖረው የዕቃ ቤት ሹም ስለ ገዛ መጽሐፉ የተጻፈውን ሊያነብ አይችልም።

በቍጥር 1832 የተመዘገበውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል እንመልከት። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስጻፉት ይህ ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር በራሱ ገጽ ላይ ይዟል። አባቶቻችን መዝገቡን ከመጽሐፉ ጋራ፣ ጠባቂው በሚያነበው ቋንቋ አኖሩት። መጽሐፍ የጐደለ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቀውና አቤት የሚለው ጠባቂው ነውና ማስረጃው ከእጁ ሊለይ አይገባም።

ስለዚህ ከካታሎጉ ለየደብሩ የሚደርሰው ክፍል ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ ከፎቶግራፉ ጋራ ለየባለቤቱ እንዲላክ እናሳስባለን። ይህ እስኪፈጸም ድረስ ከሃምሳው ሰው አንዱ፣ ያውም የአትክልቱ ባለቤት፣ ሎሚው እንዳልደረሰው ይቈጠራል።