ወደ ጎን ይስፋ!

ውሃ ርዝመት አይቆጥርም! ወርድም አይቆጥርም! የሚያውቀው ጥልቀትን ብቻ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፍ ብሎ ነገር የለም፤ ቤቴንም የማየው በሌላ ዓይን ሆኗል። ክንድ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ዓሦች ተዝናንተው የሚዞሩበትን የባሕር ውሃ መኖሪያ ቤት ውስጥ ማኖር የሼኮችና የባለ ሆቴሎች ጨዋታ ይመስላል አይደል? አይደለም! ሜትር፣ እርሳስና ደብተር ይዞ የሚጀመር ሥራ ነው።

ሕጉ አዲስ አይደለም። ሲሞን ስቴቪን የተባለ የፍላንደርስ ሒሳብ ዐዋቂ እ.ኤ.አ. በ1586 ስለ ውሃ ክብደት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ውሃ ወለሉን የሚጫነው በጥልቀቱ ልክ እንጂ በብዛቱ ልክ እንዳልሆነ አሳይቷል። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲታወቅ የኖረ ነገር ነው። ትልቅ አኳሪየም ለማቀድ ወረቀት ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ግን እዚህ ላይ ሲደርስ ብድግ ብሎ መጮኹ አይቀርም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሁለት ገንዳ አስቡ። ሁለቱም 4 ሜትር ይረዝማሉ፤ ሁለቱም 8 ሺህ ሊትር ይይዛሉ። የመጀመሪያው ወርዱ 1.25 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1.6 ሜትር ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ግርማ ያለው፣ እንግዳ የሚያስደነግጥ። ሁለተኛው ወርዱ 2.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲሜትር ብቻ። ክብደታቸው ያው ነው፤ 8 ቶን አለፍ ይላል። ጨዋቸውም ያው ነው፤ በሊትር 35 ግራም ሲታሰብ 280 ኪሎ። የፊት መስታወታቸው የሚሸከመውስ? የመጀመሪያው ከ5 ቶን በላይ! ሁለተኛው 1.3 ቶን ገደማ! ጥልቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ሸክሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ያው ውሃ፣ ያው ጨው፣ ያው ዓሣ፤ መስታወቱ ግን በሩብ ሸክም ይገላገላል! እኔ ይህን ካሰላሁ በኋላ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ፤ የሰማኝ ጥቂት ቢሆንም።

ስንቱ ሐበሻ ፎቶ የተነሳበትን የዱባይ ሞልን ግዙፍ አኳሪየም አስታውሱ። ከመስኮቱ ኋላ 10 ሚሊዮን ሊትር አለ። መስኮቱ ወደ 33 ሜትር ይሰፋል፤ ከፍታው ከ8 ሜትር በላይ ነው፤ የአክሪሊኩ ውፍረት 75 ሳንቲሜትር። ያንን ሁሉ ውፍረት የጠየቀው 33ቱ ሜትር አይደለም፤ 8ቱ ነው! ከፍታውን ለገበያ ማዕከሎች እንተውላቸው። እኛ ርዝመቱንና ወርዱን እንውሰድ፤ እሱ ነውና ርካሹ።

ደስታዬን እጥፍ ያደረገው ደግሞ ይህ ርካሹ ቅርጽ ዓሣው ራሱ የሚመርጠው ቅርጽ መሆኑ ነው። ትልቅ ዓሣ ወደ ላይና ወደ ታች አይመላለስም፤ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። 40 ሳንቲሜትር የሚደርስ ዓሣ 60 ሳንቲሜትር ወርድ ባለው ገንዳ ውስጥ ሲዞር መታጠፉ በግድ ነው፤ አካሄዱ ይቆራረጣል። 2.5 ሜትር ሲያገኝ ግን ጅራቱን አንዴ መትቶ ተንሸራትቶ ይሄዳል፣ ሰፊ ቅስት ሠርቶ ይመለሳል። ሰው ትልቅ ዓሣ የሚያሳድገው ለዚች ለመዞሯ ካልሆነ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሶሃል የተባለውን ዓሣ ውሰዱ! የቀይ ባሕርና የዐረብ ዙሪያ ባሕሮች ልጅ ነው። ሰማያዊና ነጭ መስመሮች በስስ ብዕር የተሰመሩበት ይመስላል፤ ጅራቱ ሥር ደግሞ ብርቱካናማ ምላጭ አለው፤ ጌጥ እንዳይመስላችሁ፣ ይቆርጣል። መኖሪያው የት መሰላችሁ? ማዕበል በሚሰበርበት በኮራል ድንጋይ ጠርዝ ላይ፣ ጥልቀት በሌለው፣ በሚናወጥ ውሃ ውስጥ! እኔ ለመስታወት ዋጋ ብዬ ያሳነስሁት ጥልቀት ለእሱ አገሩ ነው!

ይህን ዓሣ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፔተር ፎርስኮል ነው፤ የሊኒየስ ተማሪ። እ.ኤ.አ. በ1761 ከዴንማርክ ከተነሣው ጉዞ ጋር ወደ ቀይ ባሕር መጣና በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ ሥራው የታተመው በ1775 ነው። ዓሦቹን ያስቀመጠበት መንገድ ያስገርማል፤ ቆዳቸውን አድርቆ እንደ ቅጠል በወረቀት ላይ ለጠፋቸው። እስከ ዛሬ ኮፐንሃገን አሉ። እኛ ደግሞ ከእሱ በኋላ መጥተን እነዚያኑ ዓሦች በሕይወት፣ በሙሉ ጎናቸው፣ ሲዞሩ ልናይ ነው! ሌላው እንግዳዬ ናሶ ኤሌጋንስ ነው፤ 45 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ወንዱ ሲያድግ ከጅራቱ ጫፍና ጫፍ ቀጭን ዘርፍ ያወጣል። ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1829 ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ በኋላ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደር ድረስ የዘለቀው የፍራንክፈርቱ ሰው ማለት ነው። ይህን ካነበብሁ በኋላ ናሶን እንደ ባዳ ማየት አቅቶኛል።

ኢምፔረር ኤንጅልፊሽን ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም። በልጅነቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ነጭ ቀለበት በቀለበት ውስጥ ተጠምጥሞበታል። ሲያድግ ያ ሁሉ ይጠፋና ቢጫና ሰማያዊ መስመር፣ ዓይኑ ላይ ደግሞ ጥቁር ጭምብል ያወጣል። የጥንት ሊቃውንት ልጁንና አዋቂውን ሁለት የተለያዩ ዓሦች አድርገው መዝግበዋቸው ነበር፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ይህ ለውጥ ሳሎናችሁ ሥር፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ ዓይናችሁ እያየ ሲሆን አስቡት!

የማይገቡም አሉ። ፓንተር ግሩፐር ሱቅ ውስጥ ጣት የምታክል፣ ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ውብ ናት፤ 70 ሳንቲሜትር ትደርሳለች፤ አፏ የሚያስገባውን ሁሉ ትውጣለች። ነርስ ሻርክ 3 ሜትር ይሆናል፤ ይቅር። ናፖሊዮን የሚባለው ዓሣ ከ2 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ንግዱም በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር እንዲውል እ.ኤ.አ. በ2004 ተወስኗል።

ወደ ግንባታው። እኛ ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ቤዝመንት የሚባል ጸጋ አለን፤ ኮንክሪቱ መሬት ላይ ያረፈ ስለሆነ 8 ቶን ሲጫንበት ከሥሩ የሚሰበር ፎቅ የለም። መሐንዲስ ሳያየው ግን አንድ ባልዲ እንኳ አይፈስስም። ገንዳው በር ስለማያስገባው እዚያው ነው የሚሠራው። ደግሞስ አራቱም ጎን መስታወት መሆን አለበት ያለው ማነው? ሦስቱ ጎንና ወለሉ ከኮንክሪት ወይም ከወፍራም ኮምፔርሳቶ ይሠራና በፋይበርግላስና በኢፖክሲ ይለበጣል፤ መስኮቱ በአንድ ፊት ብቻ ይሆናል! የሚገዛው ውድ ዕቃ አንድ ጠፍጣፋ መስታወት ብቻ ሆነ ማለት ነው። አክሪሊክ ከመስታወት በግማሽ ይቀልላል፣ ጥራቱም ያምራል፤ ነገር ግን አሸዋ ይጭረዋል። በዚህ ጥልቀት እኔ ሁለት ንጣፍ የተጣበቀበት ላሚኔትድ መስታወት መራጭ ነኝ።

ውሃውን የሚያጸዱት ግን ማሽኖች ብቻ አይደሉም፤ ዋነኞቹ ሠራተኞች ለዓይን የማይታዩ ናቸው! የዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ገንዳው ውስጥ ባለው ድንጋይ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው። ይህ ማኅበር እስኪቋቋም አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ባዶ ውሃ እያዩ መቀመጥ ግድ ነው። ከዚያ ስኪመር የሚባለው መሣሪያ አለ፤ ጥቃቅን የአየር አረፋ ወደ ውሃው ይነፋል፣ ያልበሰበሰው ቆሻሻ አረፋው ላይ ተለጥፎ ወደ ላይ ይወጣና ጽዋ ውስጥ ይጠራቀማል። የሚሸት፣ ቡናማ፣ የሚያስደስት አተላ!

ማዕበሉስ? በቀድሞው የሃዋይ የዋይኪኪ አኳሪየም ሰው በብሩስ ካርልሰን ስም የሚጠራ አንድ ዘዴ አለ፤ ሳየው በጭብጨባ ነው የተቀበልሁት። ከገንዳው በላይ በርሜል ይቀመጣል፤ ትንሽ ፓምፕ ቀስ እያለ ይሞላዋል፤ ሲሞላ የታጠፈው ቱቦ በራሱ ይስበውና ሙሉ በርሜል ውሃ በአንዴ ይለቅቀዋል! ከዚያ እንደገና። የሚሽከረከር ውድ ሞተር የለ፣ ኮምፒውተር የለ። ሶሃል በዚያ ግርግር ውስጥ ሲዋኝ ይታየኛል።

ይህን ሁሉ ያቀድሁበትን ወረቀት ገበታ ላይ ሳለን አንዲት ታላቅ ዘመዳችን አይተው፣ «እና ልጄ፣ መቼ ነው የሚጠበሱት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ገበታው ሳቀ።

ሰፊ ውሃ ዋጋው የት ላይ እንደሚመጣ ልንገራችሁ፤ ትነት ላይ ነው። 10 ካሬ ሜትር ፊት ያለው ውሃ ያለማቋረጥ ይተንናል፤ እርጥበቱ ወደ ውጭ ካልተነፈሰ ግድግዳው ይሻግታል። ስለዚህ አየር ማስወጫው ከገንዳው እኩል ይታቀዳል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ይቀራል፤ የሚተካውም የተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው። በሌላ በኩል ያው ሰፊ ፊት ኦክስጅን የሚገባበት በር ነው፤ ከጥልቁ ገንዳ በእጥፍ! ትልልቅ ዓሦች ደግሞ ኦክስጅን ፈጂ ናቸው። አውሎ ነፋስ መጥቶ መብራት ቢጠፋ ከሁሉ በፊት የሚያልቀው እሱ ነውና ጄኔሬተር የዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው ያለው። ወርዱ ክንድ የማይደርስበት ስለሆነ መሐሉን ለማጽዳት መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አጥልቆ መግባት ነው። ቤዝመንት ውስጥ! ከናሶ ጋር!

የአገባብ ተራውም ተወስኗል። እያንዳንዱ ዓሣ በሽታ እንዳያስገባ ለብቻው በትንሽ ገንዳ ወር ያህል ይቆያል። ናሶ መጀመሪያ፣ ሕፃኑ ኢምፔረር ቀጥሎ። ሶሃል የመጨረሻው ነው፤ እሱ ቀድሞ ከገባ 8 ሺውን ሊትር እንዳለ ርስቴ ነው ብሎ ይይዘዋል፤ ከኋላው የሚመጣው ሁሉ ጭሰኛ ይሆናል።