አራዳ ሰፈሩን ሲለቅ

ከደብረ ማርቆስ ምህንድስና ልማር አዲስ አበባ ስገባ ስልኬ ላይ አንድ ዝርዝር ነበረኝ። በግራ ቃሉ፣ በቀኝ ፍቺው፦ ጀለስ - ጓደኛ፣ ሼባ - ሽማግሌ፣ ችስታ - ገንዘብ የሌለው፣ ላሽ በል - ዞር በል፣ ነቄ - የነቃ። እንደ ፈተና ሸመደድኩት። በሁለተኛው ወር የዶርም ጓደኛዬ ለበዓል ቤታቸው ወሰደኝ። ማዕድ ላይ አባቱ ሲስቁ አይቼ፣ «ሼባው ሲስቁ አንተን ይመስላሉ» አልኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። ጓደኛዬ ራሱ አባቱን ሁሌ «ሼባው» ነው የሚላቸው፤ ግን ልጃቸው ነው፣ የሚለውም እሳቸው በሌሉበት ነው። ዝርዝሩ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ይህን ያስታወሰኝ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ እንደ አሸን የፈላው «የአራዳ ቋንቋ ትርጉም» የሚባል ነገር ነው። ኮድ ለሚጽፍ ሰው አሠራሩ የታወቀ ነው፦ አንድ ቃል ስትሰጠው አንድ ትርጉም ይመልስልሃል። የአራዳ ቃል ግን እንደዚያ አይሠራም። ማን ተናገረው፣ ለማን፣ ማን እየሰማ የሚሉትን አብረህ ካላስገባህለት የሚመልስልህ መልስ ጉድ ይሠራሃል።

«ሙድ»ን ውሰዱ። ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ ዝርዝሩ «ስሜት» ብሎ ያልፈዋል። «ሙድ አለው» ሲባል ግን የራሱ ለዛ አለው ማለት ነው፤ «ሙድ ያዘብኝ» ሲባል ደግሞ አላገጠብኝ። ቃሉ የውጭ ቢሆንም አዲሱን ሥራ የሰጠው የእኛው ግስ ነው። «ወፍ የለም»ም እንዲሁ። «ምንም የለም» የሚለው ፍቺ ልክ ነው፤ ግን ብድር የጠየቀህ ጓደኛ ፊት ኪስህን እየገለበጥክ ስትለው አብሮት ያለውን ሳቅና ይቅርታ አይነግርህም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሜልቦርን፣ የሐበሻ ምግብ ቤት በሞላበት ፉትስክሬይ የሚኖር የአክስቴ ልጅም ኑሮውን የጀመረው በዝርዝር ነው፦ አርቮ - ከሰዓት በኋላ፣ ሰርቮ - ነዳጅ ማደያ፣ ባርቢ - የከሰል ጥብስ። እነዚህ ቀላል ናቸው፤ ቃሉን ቆርጠህ ጫፉ ላይ «ኦ» ወይም «ኢ» ትቀጥላለህ። ያስቸገረው «ማይት» ነው። «ወዳጄ» ማለት ነው፤ በቀዝቃዛ ድምፅ ሲባል ግን «አርፈህ ተቀመጥ» ይሆናል። ዝርዝር ድምፅ የለውም።

እንዲህ ያለ ቋንቋ ከጥንትም ሁለት ሥራ አለው፤ የውስጡን ሰው ያቀራርባል፣ የውጭውን በር ይዘጋበታል። ቮልፍ ሌስላው በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ምስጢራዊ ንግግሮች ባሳተመው መጽሐፍ የአዝማሪዎችን ቋንቋ መዝግቧል። አዝማሪ በሰው ድግስ መሀል ሆኖ፣ ደጋሹ ሳይገባው ከባልንጀራው ጋር ማውራት ይፈልጋል። ዛሬ የምናያቸው ዝርዝሮች የሚነግሩን ስለ መቀራረቡ ብቻ ነው። በሩ የተዘጋበትን ሰው ረስተውታል።

የተረሳው ሰው ስም «ፋራ» ነው። «አራዳ» መጀመሪያ ሰፈር ነበር፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው ትልቁ ገበያ። ጣሊያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ካዞረው በኋላም ስሙ አልጠፋም፤ የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆነ፦ ንቁ፣ ከተሜ፣ የማይሸወድ። ዝርዝሮቹ ተቃራኒውን «ፋራ - ያልሠለጠነ» ብለው ይዘጉታል። እዚህ ላይ ነው የምጣላቸው። ይህ ፍቺ ሳይሆን ፍርድ ነው፤ ፈራጁም መሀል ከተማ የተቀመጠ ሰው ነው። በትክክል ይጻፍ ከተባለ «አራዳ ነኝ የሚል ሰው፣ ቋንቋውን ያልቻለለትን ሰው የሚጠራበት» ነው የሚባለው።

አሁን የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ የአራዳ ሰው ወደ ከተማው ዳር ዳር ሄዷል። እኛ ብሎክ ሥር ማታ ማታ ኳስ ከሚጫወቱት አንዱ የፒያሳ ልጅ ነው፣ አንዱ ከወላይታ የመጣ፣ አንዱ ደግሞ ቤተሰቡ እዚሁ መሬት ላይ ያርስ የነበረ ኦሮምኛ ተናጋሪ። አንድ ቀን «አካም ጀለሴ!» ሲባባሉ ሰማሁ። ይህ ሰላምታ ባየኋቸው ዝርዝሮች ውስጥ የለም። ታዲያ ከመካከላቸው አራዳው ማን ነው? የፒያሳው ልጅ ታክሲ የት እንደሚቆም የገበሬውን ልጅ ሲጠይቅ አይቻለሁ።

ዝርዝር አትጻፉ አልልም። ያ ስልኬ ላይ የነበረው ባይኖር የመጀመሪያውን ወር በዝምታ ነበር የምገፋው። ግን ከየቃሉ ጎን ማን ለማን እንደሚለው፣ ማን ፊት እንደማይባል ጻፉ። «ፋራ» ጋ ስትደርሱ ደግሞ ማን እንዳለው ጨምሩበት።

የጓደኛዬ አባት ዛሬም ስንገናኝ እጃቸውን ዘርግተው «ሼባው ነኝ፣ እንዴት ነህ?» ይሉኛል። ሙድ እየያዙብኝ ነው።