የሮቶ ስሌት ለሕሙማን ይሠራል?

ስለ ፕላትሌት ብዙዎቻችሁ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ሰምታችኋል። ደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ጥቃቅን የሕዋስ ቁርጥራጮች ናቸው፤ የደም ሥር ሲቀደድ ፈጥነው ደርሰው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ገደማ ይገኛሉ። በፅኑ ሕሙማን ክፍል ግን፣ በተለይ ከባድ ኢንፌክሽን ሲኖር፣ ቁጥሩ በጣም ሊያሽቆለቁል ይችላል። ታዲያ ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ነው ከለጋሽ የተወሰደ ፕላትሌት የሚሰጠው? ክፉኛ እየደማ ያለውን ሰው ለጊዜው እንተወው፣ እሱማ ይሰጠዋል። ክርክሩ ያለው ገና ባልደማው ሰው ላይ ነው።

እንደኔ ምህንድስና የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ ትዝ የሚለው ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው። ውሃው ከምልክቱ ሲወርድ ፓምፑ ይነሳል፣ ሲሞላ ይቆማል፣ አለቀ። ሕክምናውም ለብዙ ዓመታት በዚሁ ስሌት ሄዷል። ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። ሮቶ ላይ የምንለካውም የምንፈልገውም ውሃ ነው። እዚህ ግን የምንቆጥረው ፕላትሌት፣ የምንፈራው ደግሞ መድማትን ነው። ሁለቱ ቢዛመዱም አንድ አይደሉም።

ገደቡ ራሱ ከየት መጣ? በ1962 አሜሪካ ውስጥ በደም ካንሰር ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ፕላትሌት በቀነሰ ቁጥር መድማት እንደሚበዛ አሳየ፤ «ከዚህ በታች አደጋ ነው» የሚያሰኝ ቁርጥ ያለ መስመር ግን አላገኘም። እንዲያም ሆኖ 20,000 የሚለው ቁጥር ለአሥርተ ዓመታት እንደ ሕግ ተያዘ። በ1997 ጣሊያኖች 20,000ን ከ10,000 ጋር ሲያወዳድሩ በከባድ መድማት ላይ ጉልህ ልዩነት አላዩም፤ የተሰጠው ፕላትሌት ግን በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ።

ይሄ ሁሉ የካንሰር ሕሙማን ነው። ወደ ፅኑ ሕሙማን ስንመጣ እኔን ቁጭ አድርጎ ያሳሰበኝ በ2019 የታተመው ፕላኔት-2 የተባለው ጥናት ነው። በእንግሊዝ፣ በአየርላንድና በኔዘርላንድስ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ 660 ጨቅላዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አማካይ ክብደታቸው አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለአንዱ ቡድን ፕላትሌት የሚሰጠው ከ50,000 ሲወርድ፣ ለሌላው ከ25,000 ሲወርድ ነበር። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱ ወይም አዲስ ከባድ መድማት የገጠማቸው ቶሎ ከሚሰጠው ቡድን 26 በመቶ፣ ከሚታገሠው 19 በመቶ ሆኑ። እስቲ አስቡት፤ መድማትን ይከላከላል ተብሎ የተሰጠው ነገር በብዛት ሲሰጥ ውጤቱ ባሰ!

ለምን? ጥናቱ አይነግረንም፤ ትልቁ ጉድለቱም ይሄ ነው። አንዱ መላምት የለጋሹ ፕላትሌት የአዋቂ መሆኑ ነው፤ ከጨቅላው ፕላትሌት ይልቅ ቶሎ ይነቃቃል፣ የጨቅላው ደም ደግሞ በራሱ ሚዛን የተስተካከለ ነው። ሌላም አለ። 25,000 ከ50,000 ይሻላል ማለት 25,000 ትክክለኛው ቁጥር ነው ማለት አይደለም። ከዚያ በታች ያለውን ጥናቱ አልሞከረላቸውም።

ታዲያ «አትስጡ» ብለን እንደምድም? ቆዩ። በ2023 የታተመው የኔዘርላንድሱ ፔሰር ጥናት ፕላትሌታቸው ከ10,000 እስከ 50,000 የሆኑ አዋቂዎችን ወሰደ። ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ቱቦ ሊገባላቸው ነው። አስቀድሞ ፕላትሌት ሲሰጥ የደሙት 4.8 በመቶ፣ ሳይሰጥ ሲቀር 11.9 በመቶ ነበሩ። ሁለቱን ጥናቶች ያጣሉ ሰዎች አሉ። እኔ ጠብ አይታየኝም፤ የተጠየቀው ሰውም የተጠየቀው ነገርም የተለያየ ነው። አንዱ ጋ ማንም ያልነካው ጨቅላ፣ ሌላው ጋ መርፌ ሊገባበት የተዘጋጀ አንገት። ፔሰር ላይ የማነሳው ሌላ ነገር ነው፦ 12,000 ያለውን ሰውና 48,000 ያለውን ሰው ለአንድ ጥያቄ አንድ ላይ ማሰለፍ ለሐኪሙ ሰፊ ጨለማ ይተውለታል። ቆጣሪ ማሽኖቹ ደግሞ የሚሳሳቱት ቁጥሩ ዝቅ ሲል ነው፣ ማለትም ውሳኔው የሚሰጥበት ቦታ ላይ።

ከረጢቱም ርካሽ ዕቃ አይደለም። ፕላትሌት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ላይ፣ ሳያቋርጥ እየተነቀነቀ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ሙቀቱ ለባክቴሪያም ይመቻል። ስለዚህ የሚቀጥለው ጥናት «ስንት ሲደርስ?» ከሚለው በፊት «ለማን፣ ምን ሊደረግለት ሲል?» ብሎ ቢጀምር እወዳለሁ። ደሙ በእርግጥ ምን ያህል ይረጋል የሚለውንም ከቁጥሩ ጎን አብሮ ቢለካ። የረጋውን ደም ጥንካሬ የሚለኩ መሣሪያዎች እንደሆነ በብዙ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ ቆመዋል።