‹‹የጨረር መጠን›› የሚለው ሐረግ ሲመረመር

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011) በጃፓን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የፉኩሺማ ዳይኢቺን የኑክሌር ኀይል ማመንጫ በመጉዳቱ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገሮች ወደ አየር፣ ወደ አፈርና ወደ ባሕር ወጡ። ወዲያውም ‹‹ሴፍካስት›› በሚል ስም የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች በየመንገዱ እየዞሩ በመለካት ለማንም ክፍት የሆነ ካርታ አዘጋጁ። የዚህን ካርታ መግለጫዎች ወደ አማርኛ ለመመለስ ስንሞክር ያጋጠመንን ችግር ከዚህ በታች እንመረምራለን። ችግሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ በዜና ጽሑፎቻችን የተለመደው ‹‹የጨረር መጠን›› የተበተነውን ንጥረ ነገር፣ ከእርሱ የሚወጣውን ጨረራ፣ መሣሪያው የቆጠረውንና በሰው ላይ የሚደርሰውን አራት ነገር በአንድ ስም ይጨፈልቃል።

እነዚህን ለያይቶ በየቦታው መለካት ለምን እንዳስፈለገ የኢታቴ መንደር ታሪክ ያስረዳል። የጃፓን መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጣቢያው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ያሉት ነዋሪዎች እንዲወጡ፣ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያሉት ደግሞ ቤታቸው ውስጥ እንዲቆዩ አዘዘ። ክብ በኮምፓስ ይሣላል፤ ነፋስና ዝናብ ግን ክብ አያውቁም። ብክለቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተጉዞ፣ አብዛኛው ክፍሏ ከ30 ኪሎ ሜትሩ ውጭ በሆነችው በኢታቴ ላይ አረፈ። መንደሯ ከሚለቀቁት ቦታዎች አንዷ የሆነችው ግን ሚያዝያ 14 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ሥራ የጀመሩት በዚህ የክፍተት ወቅት ነበር። የጋይገር መቁጠሪያና የቦታ ጠቋሚ መሣሪያ በአንድ ሣጥን አዋቅረው በመኪና መስኮት ላይ አሰሩት። ሣጥኑ ቤንቶ የሚባለውን የጃፓኖች ምሳ ዕቃ ስለሚመስል ‹‹ቢጋይጊ›› ተባለ። መሣሪያው በየ5 ሴኮንዱ ቆጠራውን ከሰዓቱና ከቦታው ጋር ይመዘግባል።

ወደ ቃላቱ እንመለስ። ‹‹ጨረር›› የነገር ስም ነው፤ የፀሐይ ጨረር እንደምንለው። ‹‹ጨረራ›› ግን እንደ ‹‹ቆጠራ››ና እንደ ‹‹ጠረጋ›› ድርጊትን የሚያመለክት ቅርጽ አለው። የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 571 ‹‹የጨረራ መከላከያ›› ተብሎ መሰየሙም ሕጉ ይህንኑ ቃል እንደመረጠ ያሳያል። ይሁን እንጂ ‹‹ጨረራ››ን መቀበል ብቻውን አይበቃም፤ ጨረራው ከምንጩ መለየት አለበት። ፍም ቢበተን ሙቀቱ ከፍሙ ይወጣል፤ የሚጠረገው ግን ፍሙ ነው። ‹‹ሠራተኞች ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጨረር አጸዱ›› የሚል ዓረፍተ ነገር ሙቀት ጠረጉ እንደማለት ነው። የተወገደው ሲዚየም ያረፈበት የላይኛው አፈር ነው፤ ትክክለኛውም አገላለጽ ‹‹የተበከለውን አፈር አነሡ›› ይሆናል። መደባለቁ የእኛ ብቻ አይደለም። በጃፓንኛም ‹‹ሆሻሴን›› ጨረራው፣ ‹‹ሆሻኖ›› የንጥረ ነገሩ ጨረራ የማመንጨት ችሎታ ሲሆኑ፣ በተራው ንግግር ‹‹ሆሻኖ›› ሁሉንም ጠቅልሎ ይጠራል።

ይበልጥ የሚያሳስበን ‹‹መጠን›› ነው። ቢጋይጊ በቀጥታ የሚያውቀው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደቆጠረ ነው። ይህ ቆጠራ ለ334 ተካፍሎ ማይክሮሲቨርት በሰዓት ይሆናል፤ አካፋዩም የጨረራው ምንጭ ሲዚየም 137 ነው ከሚል ግምት የተገኘ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ቆጠራውንም ስሌቱንም ይመዘግባሉ። ተርጓሚው ሁለቱን ‹‹የጨረር መጠን›› ሲል የተቆጠረውና የተገመተው ልዩነታቸው ይጠፋል።

ስሕተቱ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ አንድ ቁጥር እንውሰድ። ጃፓን ብክለትን ለማስወገድ መለኪያ ያደረገችው በሰዓት 0.23 ማይክሮሲቨርት ነው። ከዚህ 0.04 የተፈጥሮ ሲሆን የቀረው 0.19 አንድ ሰው 8 ሰዓት ደጅ፣ 16 ሰዓት ቤት ይውላል፣ ቤቱም ጨረራውን ወደ 0.4 እጅ ይቀንሳል በሚል ሒሳብ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ይሆናል። ‹‹የጨረር መጠን 0.23›› የሚል ብቻ ያነበበ ሰው በዓመቱ ሰዓታት ቢያባዛ 2 ሚሊሲቨርት ገደማ ያገኛል፤ ከታሰበውም በእጥፍ ይፈራል። አሐዱ ጭራሹን ካልተጻፈ ደግሞ የሰዓቱን ቁጥር የዓመት አድርጎ በማይገባው ቦታ ይጽናናል።

‹‹የመድኃኒት መጠን እንላለንና መጠን ይበቃል›› የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን ተለክቶ የሚሰጥ ነው፤ ይህኛው ሳይታዘዝ በየሰዓቱ ይጠራቀማል። ስለዚህ በክሊኒክና በመድኃኒት ቤት የታወቀውን ‹‹ዶዝ›› ተቀብለን፣ ‹‹የሰዓት ዶዝ››ንና ‹‹ጥርቅም ዶዝ››ን እንድንለይ እንመክራለን። ‹‹ቆጠራ›› ለመሣሪያው ይተው፤ ‹‹ብክለት›› ለአረፈው ንጥረ ነገር ይሁን፤ ‹‹መጠን››ም ብቻውን ከአሐድ ተለይቶ አይቁም።

ካርታውም ከትችት ነጻ አይደለም። አብዛኛው ልኬት ከመኪና የተወሰደ ስለሆነ የሚያሳየው መንገዱን ነው፤ ከመንገዱ ጀርባ ያለው ጓሮ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ‹‹የአካባቢው ጨረር›› ከማለት ‹‹በመንገዱ ላይ የተለካ›› ማለት ይሻላል። ይህን ዓይነት ሥራ ‹‹የዜጎች ሳይንስ›› ማለትም አያረካንም። በአማርኛ ‹‹ዜጋ›› የሀገር ተወላጅነትን ስለሚያስታውስ፣ በዚህ ሥራ ላይ ከጃፓናውያን ጋር የደከሙትን የውጭ ሀገር ሰዎች ያስቀራል። ‹‹የበጎ ፈቃደኞች ልኬት›› ግን ማንንም አያገልም።

ሴፍካስቶች የኑክሌር ኀይል ደጋፊም ተቃዋሚም እንዳልሆኑ ይናገራሉ፤ ‹‹ደኅና ነው›› ወይም ‹‹ክፉ ነው›› ሳይሉ ቁጥሩን ለሕዝብ ያቀርባሉ። ፍርዱ የአንባቢው ነው፤ ልጇ ጓሮ ይጫወት እንደሆነ የምትወስነው እናቲቱ ናት። ቁጥሩ ወደ እርሷ የሚደርሰው በቃል ተጠቅልሎ ነውና፣ ጥቅሉ የያዘውን ካልተናገረ በጎ ፈቃደኞቹ በየመንገዱ የደከሙበት ጥንቃቄ በመጨረሻው እርምጃ፣ በተርጓሚው እጅ፣ ይባክናል።