ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ስለሚከተለው ሕመም የተዘጋጀው መመሪያና የመቂ ጤና ባለሙያ

የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 በጋራ ያሳተሙት በሰብአዊ ቀውስ ጊዜ የሚያገለግል የአእምሮ ጤና መመሪያ፣ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ስለሚከተለውና በምኅጻር ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ስለሚባለው ሕመም የሚያወሳው ክፍል አጭርና ጠቃሚ ነው፤ ስለ ዋናው ሕክምና ግን የሚሰጠው ምክር ከጤና ጣቢያው ደጃፍ አያልፍም።

የክፍሉ የመጀመሪያ ብርታት ባለሙያው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ማሳየቱ ነው። መቂን አቋርጦ በሚያልፈው የሞጆ–ሐዋሳ መንገድ ከደረሰ የመኪና አደጋ የተረፈ የመኪና ረዳት፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው «ራሴን ያመኛል፤ እንቅልፍ የለኝም» ብሎ ሊሆን ይችላል። አደጋው አሁን የሚደርስ ያህል በሕልሙም በውኑም የሚመላለስበት ከሆነ፣ ከመኪናና ከመንገድ ከሸሸ፣ በጥሩምባ ድምፅ ከደነበረ፣ ይህም ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ሥራውን ካስተጓጎለበት፣ መፍትሔው የራስ ምታት ክኒን አይደለም።

ሁለተኛው ብርታት ጥንቃቄው ነው። መመሪያው ታካሚው የደረሰበትን እንዲናገር መገደድ እንደሌለበት ያሳስባል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ምክርም፣ በመጀመሪያው ወር የሚታየውን የድንጋጤ ስሜት ለማብረድ እንደ ዳያዚፓም ያሉ መድኃኒቶች ለአዋቂዎች እንዳይሰጡ አመልክቷል። ማደንዘዝ ማዳን እንዳልሆነ ለሚዘነጋ ሁሉ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ጉድለቱ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። በክስተቱ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ታካሚው የሸሸውን ትዝታ ከባለሙያ ጋር ቀስ በቀስ እንዲጋፈጠው፣ ያለፈውን ካሁኑ እንዲለይ ይረዳዋል። ፍርሃቱን የሚያኖረው ሽሽቱ ስለሆነ፣ ሽሽቱ ሲቀንስ ፍርሃቱም ይቀንሳል። መመሪያው ግን ይህን ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ካለ ወደ እርሱ እንዲላክ ብቻ ይመክራል፤ ከሌለ ውጥረትን የመቆጣጠሪያ ዘዴና ለአዋቂዎች ፀረ-ድባቴ መድኃኒት ይቀራሉ። ከመቂ ሪፈር ተጽፎለት ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ በየሳምንቱ እንዲመላለስ የሚጠየቀው ረዳት፣ ለመዳን ሲል አስቀድሞ የሚፈራውን መንገድ መጓዝ ይኖርበታል።

ከዚህ የተሻለ አማራጭ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በዑጋንዳ ናኪቫሌ ሰፈር 277 የሩዋንዳና የሶማሊያ ስደተኞችን ተከታትሏል። ሕክምናውን የሰጡት ከስደተኞቹ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። የሕይወት ታሪክን በቅደም ተከተል በመተረክ ከታከሙት 70 በመቶ ያህሉ በኋላ የሕመሙን መስፈርት አላሟሉም፤ ካልታከሙት ግን 37 በመቶ ያህሉ ብቻ። ከመቂ በስተምዕራብ በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናትም፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ እንክብካቤ በአእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ያ ጥናት ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ቢሆንም፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያ አቅሙ መናቅ እንደሌለበት ያስረዳል።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ሁከት የደረሰባቸው ባቱና ሻሸመኔ ከመቂ በዚያው መንገድ ወደ ደቡብ ይገኛሉ፤ ጉዳዩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። መመሪያው ለምርመራና ጉዳትን ለመከላከል ሊሠራበት ይገባል። ለሙሉ ፈውስ ግን፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ሥልጠናና ቋሚ ክትትል ሊታከልበት ግድ ነው። ያለ ክትትል የተሰጠ ሥልጠና ታካሚውንም ባለሙያውንም ለብቻቸው ይተዋቸዋል።