እንደራሴው ለማን ያድራል?

በተማሪዎች መኖሪያ ስለ ምርጫ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገን ሆነን እንደምንለያይ የታወቀ ነው። አንደኛው ወገን፥ መራጭ ሰውየውን አይቶ በኅሊናው ይምረጥ፤ ፓርቲን መከተል የመንጋ ጠባይ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፥ ሰው ያልፋል፤ ሐሳቡንም ይለውጣል፤ ፓርቲና ፕሮግራሙ ግን ስለሚቀር በፓርቲ መጽናት ይገባል ሲል ይመልሳል። እኛም የምዕራብ ጎጃም ተወላጆች እንደ መሆናችን መጠን፥ ይህን ነገር ከፍኖተ ሰላም፥ ከቡሬና ከዙሪያቸው ገጠር አንጻር ለመመርመር ሞከርን። የደረስንበትን አስቀድመን ለመናገር ያህል፥ ሁለቱም ወገኖች ኅሊናን የሚፈልጉት በድምፅ መስጫው ሣጥን አጠገብ ነው፤ ኅሊና የሚጨነቀው ግን ከዚያ ርቆ በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነው።

የአገራችን ገበሬ ሰው መምረጥን የተማረው ከምርጫ ቦርድ አይደለም። የእድር ዳኛ ወይም የማኅበር ሙሴ ሲሰይም፥ ሰውየውን በደቦ ቀን ማልዶ ሲደርስ ወይም ሲያረፍድ፥ በለቅሶ ቤት ሲያመሽ፥ የተበደረውን እህል ሲመልስ አይቶታል። እንዲህ ላለው ምርጫ ፓርቲ አያስፈልግም። ለተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የምርጫ ክልሎቹ ሲሰመሩ መለኪያው 100,000 ያህል ሕዝብ ስለ ነበረ፥ በላህ ወንዝ ዳር በቆሎና ዳጉሳ የሚዘራ ሰው የዕጩውን ጠባይ የሚያውቀው በወሬ ነው። ስለዚህ ወደ ምልክቱ ይመለከታል። በ1997 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ንብና የቅንጅት ሁለት ጣት፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የብልጽግና አምፖል ከዕጩዎቹ ስም ይልቅ ለመራጩ ይቀርቡት ነበር። (ቀፎ ሰቅሎ ለሚኖር አገር ንብን ምልክት አድርጎ ማቅረብ ብልሃት እንደ ነበረ ሳናነሣ አናልፍም።) ይህን የገበሬውን አለማወቅ አድርገው የሚቈጥሩ ጓደኞች አሉን፤ እኛ ግን አንስማማም። የማያውቁትን ሰው መልኩን አይቶ ከመምረጥ የሚያውቁትን ምልክት መምረጥ ይሻላል።

ፓርቲ ቢጠፋ ኅሊና ብቻውን ይነግሣል የሚለውም ሐሳብ ልምድ የጐደለው ነው። በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አለቃ የምንመርጠው ያለ ምንም ፓርቲ ነበር፤ ነገር ግን የተሻለው ልጅ ከሌላው መኝታ ቤት መሆኑን እያወቅን እያንዳንዳችን ለየመኝታ ቤታችን ልጅ ድምፅ እንሰጥ ነበር። ከዚህ የልጅነት ነገር ይልቅ ትልቁ ምስክር የዱሮው ፓርላማ ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ። ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩው ግን በምርጫው ወረዳ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲኖረው ይጠየቅ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ወገን ጓደኞቻችን የሚመኙት ምርጫ ይኸው ነበር፤ ሰውየው ብቻ፥ ያለ ፓርቲ። የተመረጡትም የሕዝብ እንደራሴዎች ተባሉ፤ ቃሉ ሲፈታ «እንደ ራሴ» ማለት ስለ ሆነ፥ ከዚህ የተሻለ ስም ለሹመቱ የሚገኝ አይመስለንም።

ውጤቱስ ምን ሆነ? በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በዚሁ ፓርላማ አልፎ ወጣ። የጎጃም ገበሬ ግን አዋጁ መሬቱን አስለክቶ ርስቱን የሚያስወስድበት መስሎት አሻፈረኝ አለ። በሞጣ፥ በብቸናና በሌሎችም ስፍራዎች የተነሣው ዐመፅ ጦርና አውሮፕላን እስከ ማዝመት ካደረሰ በኋላ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ተነሡ፤ የግብሩም ነገር በጎጃም ሳይሠራ ቀረ። ገበሬው እንደ ራሱ አድርጎ የላከው ሰው በተቀመጠበት ፓርላማ ያለፈውን ሕግ በጠመንጃ ለመመለስ መገደዱ፥ ፓርቲ የሌለው እንደራሴ ሁሉ የሕዝብ እንደራሴ እንዳልሆነ ያሳያል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ጉዳይ በሁለት አንቀጾች ይነካዋል፤ የትችታችንም ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት ተገዢነት ለሕገ መንግሥቱ፥ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። ፓርቲ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ «ብቻ» የምትለውም ቃል በሩን ትዘጋበታለች። ሁለት አንቀጽ ወረድ ሲሉ ግን፥ በምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር ያገኘ ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች የመንግሥቱን አስፈጻሚ አካል እንደሚያደራጁና እንደሚመሩ አንቀጽ 56 ይናገራል። ያለ ፓርቲ ታማኝነት አብላጫ አይጸናም፤ አብላጫ ካልጸናም መንግሥት አይቆምም። እንግዲህ አንዱ አንቀጽ አባሉን ከፓርቲ ነጻ ሲያወጣው፥ ሌላው መንግሥትን የሚያህል ሸክም በፓርቲው ትከሻ ላይ ይጭናል። ሁለቱን ማን ያስታርቃቸዋል ለሚለው ጥያቄ ሕጉ መልስ አይሰጥም።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ኤድመንድ በርክ በ1774 እ.ኤ.አ. ለብሪስቶል ከተማ መራጮች ባደረገው ንግግር፥ እንደራሴ ለላኩት ሰዎች ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን የራሱን ፍርድ ጭምር እንደሚያበረክትላቸው፥ ፍርዱን ለእነርሱ ፈቃድ ቢሠዋ ግን እንደሚበድላቸው አስረዳ። እርሱም እንዳለው አደረገ፤ በ1780 እ.ኤ.አ. የብሪስቶል ወንበሩን አጣ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰዎች የመራጮችን ምስጋና ቢስነት ለማሳየት ይጠቅሱታል። እኛ ግን የተስተካከለ ነገር ሆኖ አግኝተነዋል፤ በርክ ፍርዱን በግልጽ ስላሳያቸው እነርሱም ፍርዳቸውን በግልጽ መለሱለት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን፥ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም ስለ ያዙ፥ በእነዚያ ዓመታት ስለ አንቀጽ 54 ብዙ የሚባል የለም። የ1998ቱ ነገር ግን የበለጠ ያስተምራል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቅንጅት በይፋ በተገለጸው ውጤት 109 ወንበር አገኘ፤ በውጤቱ ላይ ከተነሣው ክርክር በኋላ ግን ምክር ቤቱ እንዳይገባ ወሰነ። ከተመረጡት አንዳንዶቹ የፓርቲውን ውሳኔ ትተው ገቡ፤ ሌሎቹ ቀሩ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። የገባው ከሐዲ ተባለ፤ የቀረው ደግሞ የሕዝቡን ወንበር ባዶ ጥሏል ተባለ። እኛ በሁለቱም ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። በሁለቱ ጣቶች ትይዩ ምልክት ያደረገው መራጭ የመረጠው ፓርቲውን ከሆነ የገባው በድሎታል፤ ሰውየውን ከሆነ ደግሞ የቀረው ሊበድለው ይችላል። ቢያንስ ግን ማን እንደ ገባ፥ ማንስ እንደ ቀረ አገር ሁሉ አይቷል።

ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በሆነው ነገር ግን ይህን ያህል እንኳ አልታየም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል ስለ ተነሣው ግጭት ያወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ በ16 ተቃውሞና በ12 ድምፀ ተአቅቦ፥ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፥ ነሐሴ 7 ቀን፥ በፍኖተ ሰላም በድሮን በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መገደላቸውን የሚገልጽ ወሬ እንደ ደረሰው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በዚያው ወር አስታውቋል። ስለዚህ በዚያን ቀን የተነሣው እጅ ሁሉ ለእኛ ከተማ ሰው ተራ እጅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት እንሥራ። በ2013ቱ ምርጫ ከብልጽግና ውጭ ወንበር ያገኙት ከ20 አይበልጡም። 16ና 12 ሲደመር 28 ይሆናል። እንግዲህ ከገዢው ፓርቲ አባላትም መካከል የፓርቲያቸውን አዋጅ ያልደገፉ ነበሩ ማለት ነው። አንቀጽ 54 በዚያን ቀን ጥቂት ነቅቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ከየትኛው የምርጫ ክልል ተላኩ? የዜና ዘገባው ቁጥሩን እንጂ ስማቸውን አልነገረንም።

ክርክራችን በሌለበት ስፍራ ተይዟል ያልነው ስለዚህ ነው። ገበሬው ድምፁን የሚሰጠው ተከልሎ በምሥጢር ነው፤ ይህም የኅሊናው መጠጊያ ነው። ተወካዩ ግን እጁን በአዳራሽ ውስጥ ያነሣል። የፓርቲው አለቆች ከአጠገቡ ተቀምጠው ያዩታል፤ የላከው ሕዝብ ግን አያየውም። ከሁለቱ ጌቶቹ የሚያየው አንዱ ብቻ ሲሆን ለማን እንደሚያድር መገመት አያስቸግርም። ፓርቲን ወይም ሰውን ምረጥ ብለን መራጩን ከመምከራችን በፊት፥ ታላላቅ አዋጆች ሲጸድቁ የእያንዳንዱ አባል ድምፅ በስሙ ተመዝግቦ ለየምርጫ ክልሉ እንዲገለጽ ማድረግ ይቀድማል። ስም ቢገለጽ የተቃወመውን አባል ለአደጋ ያጋልጠዋል ያሉን ጓደኞች አሉ። ሥጋታቸውን አንንቅም፤ በተለይ በእንዲህ ያለ ዘመን። ነገር ግን ሊቀጣው የሚችለው ክፍል አስቀድሞ አይቶታል፤ ያላየው ሊያመሰግነውና ሊጠብቀው የሚችለው ነው። ምዝገባው የፓርቲ ታማኝነትንም አያጠፋም፤ ፓርቲውን ደግፎ የቆመ አባል ምክንያቱን ይዞ ቡሬ ገበያ ላይ ሊያስረዳ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም በቂ ምክንያት ይኖረው ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከፍኖተ ሰላም መጥተው አዲስ አበባ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ ዘመዳችንን አነጋገርን። ፓርቲ ይሻላል ወይስ ሰው ብለን ብንጠይቃቸው ነገሩን አልፈው፥ «ልጆቼ፥ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ያን ጊዜ የእኛው ሰው እጁን ያነሣው ደጋፊ ሲባል ነው ተቃዋሚ ሲባል?» አሉን። ያገኘናቸውን ዘገባዎች ሁሉ አገላብጠን 16 ተቃውመው 12 ድምፅ እንዳልሰጡ ነገርናቸው።

«ቁጥሩንማ እኔም በራዲዮ ሰምቼዋለሁ» አሉን።